ከብርቱካኑ ሥር የወረደው ጠብታ

ውድ የልጄ እናት፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን አስቀድሜ ልንገርሽና ይውጣልኝ። የብርቱካን ዛፍሽ ቅጠሉን ማርገፍ ሲጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታው ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት መጥረጊያዬን ተደግፌ፣ መስኮቱ ሥር የወደቀውን ቢጫ ቅጠል እያየሁ፣ «እንግዲህ እሷም ልትሄድ ነው» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ያልኩት ነገር ራሴን አስደነገጠኝና ቅጠሉን ጠርጌ ጣልኩት።

አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ። በሕይወት ተገናኝተን ቢሆን እርስዎ እልሽ ነበር። ግን አንድ ቁም ሣጥን ተጠቅመን፣ የአንድ ሰው ኩርፊያ ችለን፣ የአንዲት ልጅ እናት ተብለን መራራቁ አልሆነልኝም። ጣውንቴ እንዳልልሽ ደግሞ እኔ የገባሁት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። ያኔ ዕድለኛ ነኝ ብዬ ነበር። ሞኝ ነበርኩ። የሞተች ጣውንት አታረጅም፣ አትነጫነጭም፣ ድስት አታሳርርም። እንዴት ተደርጋ ትበለጣለች?

ባላችን ልብስ ሰፊው (ባላችን ብዬ ስጽፍ ብቻዬን ሳቅሁ) ወደዚህ ቤት ያስገባኝ ቀን ክፍሎቹን እየዞረ አሳየኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ፀሐይ በአንድ መስኮት ብቻ የሚገባው ቤት መሆኑን ታውቂዋለሽ። በዚያ መስኮት ሥር፣ ትልቅ ሸክላ ውስጥ፣ ከበላሽው ብርቱካን ፍሬ ያበቀልሽው ዛፍ ቆሞ ነበር። «ይህን እኔና ልጄ እናጠጣዋለን፤ አንቺ አትድከሚ» አለኝ። ድምፁ ደግ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት «እንዳትነኪው» የሚለውን ነው። አልነካሁትም። ዙሪያውን ጠረግሁ፣ መስኮቱን ወለወልኩ፣ መጋረጃውን አጠብኩ፤ ቅጠሉን ግን፣ እመኚኝ፣ በጣቴ ጫፍ እንኳ ነክቼው አላውቅም።

ልጅሽንም የያዝኳት እንደዚሁ ነው፤ ዙሪያ ዙሪያዋን። አበላኋት፣ አለበስኳት፣ ስትታመም ከአጠገቧ አልጠፋሁም። ስለ አንቺ ግን አንድም ቀን አንስቼላት አላውቅም። ፎቶሽን ከግድግዳው ያወረድኩት አቧራውን ልጠርግ ብዬ ነበር፤ መልሼ አልሰቀልኩትም። ባላችን ምንም አላለም። ልጅቷ ባዶውን ምስማር ቀና ብላ አየችው፤ እሷም ምንም አላለችም። ይህ ዛሬም ድረስ ከደረቴ ያልወረደ ድንጋይ ነው።

አባቷ፣ ስትስቅም ስትቆጣም በድንገት ስለምትፈነዳ፣ ፈንዲሻ ይላት ነበር። አሁን መነጽር ቤት የምትሠራ ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። እኔን እትዬ ትለኛለች። እማዬ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም በይኝ አላልኳትም። በደህናው ቀን አንቺ፣ ስትቆጣ ደግሞ እርስዎ ነኝ። እርስዎ ያለችኝ ቀን ቤቱ ይቀዘቅዛል።

አባቷ ከሞተ በኋላ ዛፉን ልታጠጣ ቅዳሜ ቅዳሜ በራሷ ቁልፍ ከፍታ መግባት ጀመረች። የምትመጣው ለእኔ ይሁን ለዛፉ ጠይቄያት አላውቅም። መልሱን ፈራሁት።

ሎሚ የገዛሁትም በዚያው ሰሞን ነው። መንገድ ዳር ተክል ከሚሸጥ ሰው፣ ፍሬው ከነላዩ የተንጠለጠለ ትንሽ ሎሚ። «እናቴ፣ ይሄ ቤት ውስጥ ነው የሚያምርብሽ፤ ብቻ ፀሐይ አትንፈጊው» አለኝ። ለምን ገዛሽው ብትዪኝ፣ የእኔ የምለው፣ የሚያፈራ ነገር አምሮኝ ነው። ልጅ አልወለድኩም። ፀሐይ ያለው በአንዱ መስኮት ብቻ ስለሆነ ከብርቱካንሽ ጎን አስቀመጥኩት። ቅጠላቸው ተነካካ። ሎሚዬን በእርጥብ ጨርቅ እወለውለው ነበር፤ መስታወት እስኪመስል፤ ግን ላይ ላዩን ብቻ።

ወራት አለፉና አንድ ጠዋት ወለሉ ላይ ጠብታ አየሁ። ጫማ የሚይዝ፣ የሚያጣብቅ ጠብታ። ማን ምን አፈሰሰ? ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ ሌላ ቁልፍ ያላት ደግሞ አንዲት ሰው ናት። አጸዳሁት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ወለሉን በበረኪና አጥቤ እጠብቃት ጀመር፤ «እትዬ ከአባቴ ወዲህ ተዝረከረከች» እንድትል አልፈለግሁም። እዚህ ላይ ልብ በይልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተወሳሰበው እዚህ ነው። ዛፉ ምን እንደያዘው ይናገር የነበረው ያ ጠብታ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እሷ ሳታየው ፈግፍጌ አጠፋዋለሁ። ልጅሽ ስትመጣ የምታገኘው የሚገረጣ ዛፍና በረኪና የሚሸት ወለል ነው።

ከዚያ ጉንዳን መጣ። በሸክላው ጠርዝ ወጥቶ፣ ግንዱን ይዞ፣ ወደ ላይ የሚተም ቀጭን ሰልፍ። ታች ፎቅ የምትኖረውን ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ወለሉን በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችው።

«ስኳር ነው» አለች። «ሰው ስኳር በጥብጦ እየረጨልሽ ነው።»

«ማን ይረጫል?»

«አንቺ ደግሞ! ቁልፍ ያለው ነዋ። ጉንዳን ሲወርሽ አንቺ ትለቂያለሽ፣ ቤቱ ለእሷ ይቀራል።»

«ቤቱ እኮ የሁለታችን ነው።»

«እሱን አይደል የምልሽ! ግማሽ ቤት ማን ይወዳል? ተካፈሉ ቢሏችሁ የትኛው ሊደርስሽ ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ?»

ሳቅን። ስትወጣ ግን ሳቁ አብሯት ወጣ፤ ነገሩ እኔ ዘንድ ቀረ። «ጠርጥር» የሚለውን ተረት ሙሉውን ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ወዲያ ሰላይ ሆንኩ። አንድ ቅዳሜ «ገበያ እሄዳለሁ» ብያት፣ በሩን በኃይል ከፍቼ ዘጋሁና ጫማዬን አውልቄ ማድ ቤት ገባሁ። በበሩ ስንጥቅ አየኋት። ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች፤ ወደ ሸክላው አፈሰሰች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀጥላ በማንኪያ አፈር ዛቅ አደረገችና ፌስታል ውስጥ ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ሸጎጠችው። መርዝ ይሆን? ድግምት ይሆን? ቀን በቀን የምስቅበትን ነገር ሁሉ በዚያች ደቂቃ አመንኩት። ስትሄድ ሮጬ አፈሩን አሸተትኩት። አፈር አፈር ሸተተኝ። ይህም አላረካኝም፤ «ጎበዝ ናት፣ የማይሸት አገኘች» አልኩ።

ለካ እሷም ስታደባ ከርማለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዛፉን አላጠጣችም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ፊቴ ቆመች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

እርስዎ ተባልኩ። «ጠይቂኝ።»

«የእናቴ ዛፍ ላይ በረኪና ይደፉበታል?»

«እኔ?»

«አፈሩን መድኃኒት ቤት ለምትሠራ ጓደኛዬ አሳይቻት ነበር። እሷ ምንም አላገኘሁም አለችኝ፤ እኔ ግን አፍንጫ አለኝ። በመጣሁ ቁጥር ቤቱ በረኪና በረኪና ይላል። የእናቴ ዛፍ ይረግፋል፣ የእርስዎ ሎሚ ያበራል። ምን ልበል?»

«አንቺስ ከጠርሙስ የምታፈሽው ምንድን ነው?»

ዓይኗ ፈጠጠ። «ይሰልሉኛል?»

«በገዛ ቤቴ ...»

«በአባቴ ቤት!» ፈነዳች። «ውሃ ነው! አፍልቼ አቀዝቅዤ የማመጣለት ውሃ! የቧንቧው ክሎሪን እንዳይጎዳው ብዬ ከቤቴ እስከዚህ ተሸክሜ የማመጣው!»

አንዲት ቃል ብተነፍስ ያበቃ ነበር። «ወለሉን እኮ ነው የማጥበው፤ ከየት እንደሚመጣ የማላውቀው ነገር እየተንጠባጠበ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? አላልኩም። የጠረጠረኝን ሰው እመነኝ ብዬ አልለምንም ስል ኮራሁ። ዝምታዬን «አዎ» ብላ ወሰደችው።

«በሚመጣው ቅዳሜ ዛፉን እወስደዋለሁ» አለች። «ከዚያ ወዲያ እዚህ የሚያመጣኝ ነገር የለም።» ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ይህን ያህል ዓመት አብረን ኖረን ሆድና ጀርባ ሆንን። ዛፉ ሲወጣ ልጅቷም አብራ እንደምትወጣ አወቅሁ። ከእሷ ሌላ በዓለም ላይ በሬን የሚያንኳኳ የራሴ ሰው የለኝም። ታዲያ ተንበርክኬ አለቀስኩ መሰለሽ? የለም። ማስረጃ ፍለጋ ገባሁ። ሁለቱም ቁልፎች እኔ እጅ ናቸው። ጠብታው አሁን ከቆመ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። ነጭ አንሶላ አምጥቼ ዛፉ ሥር ዘረጋሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። ጎረቤቴን እንኳ በበሩ ስንጥቅ አነጋግሬ መለስኳት። ንጹሑን አንሶላ ቅዳሜ ፊቷ ዘርግቼ «ይኸውልሽ፣ አንቺ ስትቀሪ ቀረ» ልላት ነበር ሐሳቤ።

ጠዋት ስነሣ አንሶላው ላይ ጠብታዎቹ በፀሐይ ያብለጨልጩ ነበር።

ጣሪያውን አየሁ፤ ደረቅ ነው። ልጅሽ ንጹሕ ነበረች። ደስ ሊለኝ ሲገባ አስቀድሞ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ የያዝኩትን ጥፋተኛ ከእጄ የነጠቁኝ ያህል። ትንሽ ተቀምጬ ሲበርድልኝ ነው ቀና ብዬ ዛፉን ያየሁት። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነካሁት። ቅርንጫፉ ላይ የግማሽ ምስር ያህል ቡናማ ጉብታዎች አሉ። ከሩቅ ስጠርግ ሁልጊዜ አያቸው ነበር፤ የእንጨቱ ቋጠሮ ይመስሉኛል። አንዱን በጥፍሬ ገፋ ሳደርገው ተነሣ። ሥሩ እርጥብ ነው። ቅጠሉን ገለበጥኩ። በመሀል ጅማቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ተጣብቀዋል። እግር የላቸው፣ አይንቀሳቀሱ፣ ግን ነፍስ አላቸው። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ።

ማንበብ ራሴን ያስተማርኩት ፈንዲሻ ልጅ ሳለች፣ ትምህርት ቤት ስትውል፣ ጨርሳ በተወቻቸው መጽሐፎቿ ነው። ለባላችንም ለእሷም አልነገርኳቸውም፤ ይስቁብኛል ብዬ። በዚያው ዕለት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ ስለ ቤት ውስጥ ተክሎች የሚያወራ መጽሐፍ ተዋስኩ። ሥዕሉን ሳገኝ ጠላቴን በፎቶ ያየሁ ያህል ሆነብኝ። ቅርፊት የለበሰ ተባይ ነው ይላል። አንዴ ከተጣበቀ ከቦታው አይነሣም፤ የዛፉን ፈሳሽ እየመጠጠ ጣፋጭ ጠብታ ይጥላል። ጉንዳን የሚመጣው ያንን ፈልጎ ነው። በብሩሽ መፋቅ፣ በሳሙና ውሃ ማጠብ፣ የቀረውን አልኮል በነካ ጥጥ ማበስ፤ ልጆቹ ከቅርፊቱ ሥር እየወጡ ስለሚበተኑ ደግሞ በየሳምንቱ መድገም። ከዚህ ሁሉ ታች አንድ መስመር ነበር፦ «ብዙውን ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው አዲስ ከተገዛ ተክል ጋር ነውና፣ አዲሱ ተክል ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው ይቀመጥ።»

ጣቴን ከመስመሩ ላይ ማንሣት አቃተኝ። መጽሐፉን ይዤ ወደ ቤት ገባሁና የሎሚዬን ቅጠል ገለበጥኩ። ላዩ መስታወት፣ ሥሩ የተባይ መንደር። ከብርቱካንሽ ይልቅ እዚያ ነው የበረቱት፤ ግንዱ ሥር እርስ በርስ ተደራርበው፣ የቆዩ መሆናቸው ያስታውቃል። መንገድ ዳር ገዝቼ፣ አቅፌ ሦስት ፎቅ አውጥቼ፣ ከዛፍሽ ጎን ያስቀመጥኳቸው እኔው ነኝ።

ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። በቁልፍ ሳይሆን በእጅ። ፈንዲሻ የፒክአፕ ሹፌር ይዛ መጥታለች። ሹፌሩ ዛፉን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«ይሄ ዕቃ ነው ወይስ በሽተኛ?» አለ። «አምቡላንስ ነበር መጥራት።»

እሷ አልሳቀችም። እኔ ግን «ፈንዲሻ፣ ከመውሰድሽ በፊት ይህን እዪ» አልኳት። ቅጠሉን ገልብጬ ያዝኩላት። ከቦርሳዋ የሥራዋን አጉሊ መነጽር አወጣች። ቅጠሉ ላይ አጎነበሰች።

«እትዬ ... እግር አለው እኮ! ይሄ ትንሹ እየሄደ ነው!»

ከዚያ ነገርኳት፤ ጠብታውን፣ በረኪናውን፣ አንሶላውን፣ መጽሐፉን። የቆሸሸውን አንሶላ ሳሳያት ፊቷ ተለዋወጠ። ወዲያው እጅጌዋን ሰበሰበች። ሹፌሩ ዛፉን ወደ መታጠቢያ ቤት እንዲያስገባላት ለመነችው።

«ሦስት ፎቅ የወጣሁት ከሳሎን መታጠቢያ ቤት ላደርሰው ነው?» አለ። «አስቀድማችሁ እወቁልኝ፤ ጉዞው አጭር፣ ዋጋው ያው።»

አፈሩን በፌስታል ሸፈንን፤ እሷ በጥርስ ብሩሽ እየፋቀች፣ እኔ የሳሙናውን ውሃ እያቀረብኩ። እጇ አረፋ በአረፋ ሆነ። «መጽሐፍ አለ ብለሻል፤ ምን ይላል? አንብቢልኝ» አለችኝ። አንቺ አለችኝ። አነበብኩ። ልጅሽ ስታጠና የሰማሁትን፣ ተደብቄ የተማርኩትን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ለሰው አነበብኩ።

«አንቺ! ማንበብ መቼ ተማርሽ?» አለችኝ ብሩሹን ይዛ ቀና ብላ። «ደግሞ እንዴት አባቷ ነው የምታነበው፣ ዜና አንባቢ!»

ሳቀች፤ ያ የሚፈነዳ ሳቋ። ከአባቷ ሞት ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ፤ ብሩሹን፣ ሳሙናውን፣ አልኮሉን። የመጨረሻው መስመር ጋ ደረስኩ። ዘለልኩት።

«ከየት እንደሚመጣ አይልም?» አለች።

«አይልም።»

ሁለት ቅጠል ፋቀች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለች፦ «እኔ ነኝ እትዬ። በጸደይ አፈር ከሜዳ አምጥቼ ጨምሬበት ነበር። ከእሱ ነው የመጣው። እኔው አምጥቼ አንቺን በረኪና ደፋሽ አልኩሽ። ለሰው ሁሉ አወራሁ። የእንጀራ እናቴ የእናቴን ዛፍ ገደለች አልኩ።» ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ አረፋው ጉንጯ ላይ ቀረ። «ይቅር በይኝ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ግድ የለም፣ ሰው ይሳሳታል» አልኳት።

የባሰው ከዚህ በኋላ ነው። ብርቱካንሽን ስትጨርስ ሎሚዬን ከሳሎን አምጥታ ጉልበቷ ላይ አስደገፈችው። ቅጠሉን ገልብጣ ስታይ «ውይ፣ ምስኪን! ከእኔ ዛፍ ተጋብቶበት!» አለች። ከዚያ የእናቷን ዛፍ ካጠበችበት የበለጠ በጥንቃቄ፣ ቅጠል በቅጠል፣ አጠበችው። እኔ ጎኗ ተቀምጬ ጥጥ አቀብላት ነበር።

ሁለቱን በመስኮቱ ግራና ቀኝ ለያይተን አስቀመጥናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታጥባቸዋለች፤ ወለሉ ደርቋል፣ ጉንዳኑ መንገዱን ረስቷል። ብርቱካንሽ አናቱ ላይ አዲስ ቅጠል አውጥቷል፤ ገና እንደ ጨቅላ ጆሮ የታጠፈ። ጎረቤቴ «ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትመላለስ? ጠርጥሪ!» ትለኛለች። ልጅቷን መጠርጠር ትቻለሁ። አሁን የምጠረጥረው ራሴን ነው። ስታመሰግነኝ የቱን እንደደበቅሁ አስታውሳለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ታውቃለች እላለሁ፤ የሎሚውን ግንድ አጉሊ መነጽሯን ይዛ ረዘም አድርጋ ስታየው አይቻታለሁ፣ ከዚያ እኔን። ምንም አትልም። እንደ አባቷ።

ነገርን ከሥሩ ይላሉ። ሥሩ ይህ ነው፦ ተባዩን ያመጣሁት ሳላውቅ ነው፤ ያን ማንም ይቅር ይለኛል። መስመሩን የዘለልኩት ግን እያወቅሁ ነው። ፎቶሽንም መልሼ ያልሰቀልኩት እያወቅሁ ነው። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ሆኜ፣ ልጅሽ አረፋ በአረፋ በሆነ እጇ አልቅሳ እኔን ለመነችኝ። እኔም ተቀበልኳት። ይህን አውቃ ዳግም ብትሄድ ሄደች ማለት ነው፤ ባልሠራችው ጥፋት ተሸማቃ ከምትመጣልኝ፣ እውነቱን ይዛ ብትቀርብኝ ይሻለኛል።

ላንቺ የጻፍኩት ስለ እሷ ሌላ የማናግረው ሰው ስለሌለኝ ነው። አንቺ ዘንድ የሚደርስ ፖስታ እንደሌለ ግን አላጣሁትም።

ልጅሽን ተረክቤ ዙሪያዋን ስጠርግ የኖርኩት፣
ሁለተኛይቱ

እነዚህን ወረቀቶች የምትቀበለው ፈንዲሻ ናት፤ ነገ ቅዳሜ፣ ከእኔ እጅ፣ ዛፎቹን ልታጥብ ገና እጅጌዋን ሳትሰበስብ።